የልጆች የስዕል መጽሐፍ ስለ ተፈጥሮ፦ ምስጋናውን እንዴት እንጻፈው?

የቃልኪዳን እናት፦
ሰላም ለሁላችሁ። ያለሁት ዲሲ አካባቢ ነው፣ ልጄ 5 ዓመቷ ነው። ሰዓሊ ጓደኛ አለችኝና ለልጆች በአማርኛ የስዕል መጽሐፍ ልንሰራ ነው፣ ስለ ፀሐዩ ስለ ዝናቡ ስለ ንቡ የሚያመሰግን። እዚህ የማነብላት መጽሐፎች በጣም ያምራሉ ግን በረዶና የሜፕል ዛፍ ነው ያለባቸው፣ አደይ አበባ የለ ዋርካ የለ። እኔ ስጽፈው ደግሞ "ዛፍ አትቁረጡ ውሃ አታባክኑ" እያለ ስብከት ይሆንብኛል። ደሞ ምስጋናው ለማን ነው? ዝናቡን ነው የማመሰግነው ወይስ ስለ ዝናቡ ፈጣሪን?

ዘ_ደብረታቦር፦
እህቴ እኛ አገር ዝናብ ሲጥል ገበሬው ምን ይላል፣ ተመስገን ነው የሚለው። መዝሙር 148ን አንብቢው እስኪ፣ ፀሐይና ጨረቃ፣ ተራራው፣ ፍሬ የሚያፈራው ዛፍ፣ አራዊቱ፣ ወፉ ሁሉ አመስግኑ ነው የሚባሉት። ስለዚህ ልጅቷ ዛፉን አታመሰግንም፣ ከዛፉ ጋር አብራ ታመሰግናለች። ይሄ ለስዕል እንዴት እንደሚመች አስቢው። እኛ ጋ ደቡብ ጎንደር ዙሪያው እርሻ ሆኖ ደኑ የቀረው ቤተክርስቲያኑ ግቢ ነው፣ ወይራው ጽዱ ዝግባው። ከላይ ሆኖ ላየው ክብ አረንጓዴ ነው፣ አንድ ገጽ ሙሉ ይስጡት!

መምህርት ከአዲስ፦
ኬጂ ነው የማስተምረው። ልጆች "ተፈጥሮ" ስትያቸው ምንም አይታያቸውም፣ ንቧን አሳያቸው ግን ያፈጣሉ። ክረምቱ አደዩን ያበቅላል፣ መስከረም ላይ ይፈነዳል፣ ንቧ ገብታ ስትወጣ የኋላ እግሯ ላይ ቢጫ የአበባ ዱቄት ተሸክማ ነው፣ ያንን ቢጫ በጣም አጉልታችሁ ሳሉት። ከዛ ጥቅምት ኅዳር ማር ይቆረጣል፣ መጨረሻ ላይ ልጁ ዳቦው ላይ ማር። እዚህ ጋ ተመስገን ቢል ማንም አልሰበከውም፣ ዝናቡ እስከ አፉ ሲመጣ ራሱ አይቶታል። ጽሑፉ በገጽ ከሁለት መስመር ባይበልጥ ደስ ይለኛል።

ሰዒድ ወሎ፦
ማሻአላህ ደስ የሚል ሀሳብ ነው። ቁርኣን ላይ ሱረቱ አር-ረህማን የሚባለው ምዕራፍ ውስጥ ፀሐዩ ጨረቃው ዘንባባው ባህሩ እየተጠራ "ከጌታችሁ ጸጋዎች የትኛውን ታስተባብላላችሁ" የሚለው 31 ጊዜ ይመላለሳል፣ እኛ ልጅ ሆነን በቃላችን የያዝነው በዛ ምልልስ ነው። እናንተም አንድ አጭር አዝማች ፈልጉና በየገጹ መልሱት፣ ልጆቹ አብረው ይጮሁታል። "ተመስገን" ብትሉት የኔም ልጆች ያነቡታል።

ብሩሽ፦
ለሰዓሊዋ አደራ፣ ከኢንተርኔት የሜዳ አህያና ዝሆን እየቀዳች እንዳታመጣ። ጭላዳ ዝንጀሮን ትሳል፣ ከኛ አገር ውጪ በዱር የትም የለም። ወንዱ ጎፈር አለው፣ ደረቱ ላይ ቀይ ቦታ፣ ቁጭ ብሎ በጣቶቹ ሳር እየነጨ ነው የሚበላው፣ ሲመሽ ገደል ላይ ወርዶ ያድራል። ከሩቅ አታሳየው፣ ጣቶቹ ይታዩ።

የቃልኪዳን እናት፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ ሁላችሁንም፣ ሰዒድ አዝማቹን ወስጄዋለሁ። ዛሬ ማታ ለጓደኛዬ እደውልላትና ከንቧ እንጀምራለን። መምህርት፣ ረቂቁ ሲያልቅ ክፍልሽ ውስጥ ታነቢልኝ ይሆን? የቱ ገጽ ላይ ዝም እንደሚሉ የቱ ላይ እንደሚያወሩ ማወቅ እፈልጋለሁ።