ቪትዜ ዳገት ላይ ጎማዋ ባዶውን ይሽከረከራል፣ ኮብልስቶን ላይ ትንኳኳለች፤ በትንሽ ብር ምን ላድርግ?

የአራት ኪሎው (ጠያቂ)
ሰላም ለሁላችሁ። ማንዋል ቪትዝ ነው የምነዳው፣ ጎማዋ 175/65 14። ቤቴ አራት ኪሎ፣ ሥራዬ ፒያሳ። ዝናቡ ከጀመረ ወዲህ ራስ መኮንን ድልድይን አልፌ ወደ ፒያሳ ስወጣ መጨናነቁ መሀል ዳገት ላይ ካቆመኝ አለቀልኝ። ልነሳ ስል የፊት ጎማው ባዶውን ይሽከረከራል፣ እሷ ወደ ኋላ ትንሸራተታለች፣ ከኋላዬ ያለው ሚኒባስ ጥሩንባውን ያቀልጠዋል። ሰፈር ውስጥ ኮብልስቶኑ ላይ ደግሞ ከፊት በግራ በኩል ቋ ቋ ትላለች።

ያለኝ 25 ሺህ ብር ነው። አንዱ ጓደኛዬ ሞላውን አስቆርጠህ ዝቅ አድርጋት፣ መንገድ ትይዛለች ይላል። ሌላው ሰፊ ጎማ ግጠም አለኝ። ጎረቤቴ ጋሼ ደግሞ ግማሽ ኩንታል ጤፍ ኋላ ጫንባት ብለው ጨረሱት። ማንን ልስማ?

አምስተኛ ማርሽ
ጋሼን አክብረህ ጤፉን ቤት አስገባ። የእሳቸው ምክር ከላዳ ዘመን የመጣ ነው። ላዳ የኋላ ጎማዋ ነበር የሚገፋት፣ ስለዚህ ኋላ ሲጫንባት መንገድ ትይዝ ነበር። ቪትዝ ግን በፊት ጎማ ነው የምትጎተተው። ዳገት ላይ ክብደቷ ራሱ ወደ ኋላ ይሸሻል፣ ፊቷ ይቀላል፤ አንተ ደግሞ ኋላዋን ከጫንክባት ጭራሽ ፊቷን አነሳህላት ማለት ነው። እንዲያውም ኋላ የተጠራቀመ ዕቃ ካለህ አውርድ።

ሞላ የሚባለውን ነገር እርሳው። የተቆረጠ ሞላ ያጥራል፣ መኪናዋ ጉድጓድ ስትገባ ሾኩ መጨረሻው ድረስ ወርዶ ይመታል፣ በክሪክ ስታነሳት ደግሞ ሞላው ከመቀመጫው ሊወጣ ይችላል። በዚህ ኮብልስቶንና በዚህ ሁሉ የፍጥነት መቀነሻ ዝቅ ያለች ቪትዝ ይዘህ የት ልትደርስ ነው?

ጎሚስታው ነኝ
መጀመሪያ የጎማህን ዕድሜ እይ። ጎኑ ላይ ዲኦቲ (DOT) ከሚለው ጽሑፍ መጨረሻ አራት ቁጥር አለ። 2319 ካለ በ2019 23ኛው ሳምንት ተሠራ ማለት ነው። በፈረንጅ አቆጣጠር መሆኑን ልብ በል! 14 የሚል አይቶ በእኛ 2014 መስሎት ስምንት ዓመት ያለፈውን ጎማ እንደ አዲስ የገዛ ደንበኛ አለኝ። ያረጀ ላስቲክ ጥርሱ ቢኖርም ይደርቃል፣ እርጥብ አስፋልት ላይ እንደ ሳሙና ነው።

ቀጥሎ ንፋስ። ልኩ የሹፌሩ በር ሲከፈት ጠርዙ ላይ ተለጥፏል። እኛ ሰፈር ማንም መጥቶ "ሙላልኝ" ነው የሚለው፣ ስንት ብለህ ብትጠይቀው አያውቅም። ከልክ በላይ የተነፋ ጎማ መሀሉ ብቻ ነው መሬት የሚነካው። ጠዋት ሳትነዳት፣ ጎማው ሳይሞቅ አስለካ።

ሰፊ ጎማ የሚለውንም ተው። ውሃ ላይ ሰፊው ቶሎ ይንሳፈፋል፣ መሪ ስታዞርም አካሏን ሊነካ ይችላል። በልኩ ግዛ።

የአራት ኪሎው
አየሁት። የፊቶቹ 1114፣ ጥርሳቸው አልቋል፤ የኋላዎቹ 2020 ናቸው፣ ደህና ናቸው። ንፋሱ 44 ፒኤስአይ ነበር፣ የበሩ ላይ ወረቀት 32 ይላል። ሁለት ጎማ ልግዛ። አዲሶቹን ፊት ነው አይደል?

ቸርኬ
ፊት እንጂ! የሚጎትተውም፣ መሪውም፣ አብዛኛው ፍሬንም ፊት ነው። ምን ያጠያይቃል።

እናት ሹፌር
ያጠያይቃል ወንድሜ። ጎማ አምራቾቹ ራሳቸው የሚመክሩት አዲሶቹ ኋላ እንዲገቡ ነው። ፊቷ ሲንሸራተት እግርህን ከነዳጁ ስታነሳ ትመለስልሃለች። ኋላዋ ካመለጠችህ ግን ትሽከረከራለች፣ አብዛኛው ሰው ደግሞ መመለስ አይችልም። እኔ ከማዘጋጃ ቤት በቸርችል ጎዳና ቁልቁል ስወርድ በመጀመሪያው ዝናብ፣ አቧራውና ዘይቱ ገና ሳይታጠብ፣ ፍሬን ስነካ ኋላዬ ሄዶብኝ ልጄን ይዤ አግድም ቆሜአለሁ። ፊቴ አዲስ ጎማ ነበር!

ለአንተ ግን ጭቅጭቅም የለው። አዲሶቹን ኋላ አስገባ፣ ደህናዎቹን የ2020ዎቹን ወደ ፊት አምጣ፣ የ14ቱን ጣል። ዳገቱም ቁልቁለቱም ተመለሰ። ጥርሳቸውን ግን አስለካ፤ ከ3 ሚሊ ሜትር ካነሱ ክረምቱን አያሻግሩህም።

ቸርኬ
እሺ፣ እንደሱ ከሆነ እስማማለሁ።

አምስተኛ ማርሽ
ቋ ቋ የሚለውን ሰምቶ ሾክ ግዛ የሚልህ መካኒክ ካለ ቆይ በለው። በትንሽ እብጠት፣ በቀስታ ስትሄድ የሚንኳኳ ብዙ ጊዜ የስታቢላይዘር ሊንክ ነው፣ መኪናዋ ኩርባ ላይ እንዳታጋድል የሚይዘውን ብረት የሚያያይዘው አጭር ዘንግ፤ በእጅህ ይዘህ ስትነቀንቀው ይላወሳል። ካልሆነ የሎወር አርሙን (ጎማውን ከታች የሚይዘውን ክንድ) ቡሽና ቦል ጆይንቱን፣ ማለትም ላስቲኩንና መገጣጠሚያውን ያሳይህ። ሾክ የሞተ እንደሆነ ዘይት ያልበዋል፣ ጥጓን ተጭነህ ስትለቃት ደግሞ ደጋግማ ትዘላለች። ሾክ የግድ ከሆነ ግራና ቀኙን አንድ ላይ ቀይር፣ ከዚያ አላይመንት። ዕቃውን ሶማሌ ተራ አሮጌውን በእጅህ ይዘህ ሂድ፣ አለበለዚያ የሌላ መኪና ሸጠውልህ ትመጣለህ።

አነሳስህንም አስተካክል። የእጅ ፍሬን ያዝ፣ ነዳጅ ትንሽ ብቻ ስጥ፣ ፍሪሲዮኑን ቀስ ብለህ ልቀቅ፣ መጎተት ስትጀምር የእጅ ፍሬኑን ፍታ። ጎማው ከተሽከረከረ ነዳጅ አትጨምር፣ ቀንስ። አንዱ ጎማ ባዶውን ሲዞር ጉልበቱ በእሱ ያልቃል፣ ያዝ ያደረገውም መኪናዋን የሚያንቀሳቅስ ያህል አያገኝም።

የአራት ኪሎው
ከሁለት ሳምንት በኋላ ተመልሻለሁ። ጎማው እንደተባለው ተቀያየረ፣ ንፋሱ 32 ሆነ። የሚንኳኳው ሊንኩ ነበር። ሁለቱንም ቀየርኩ፣ አላይመንትም አሠራሁ፣ ከብሩም ትንሽ ተርፎኛል። ትናንት ዝናብ እየጣለ መሀል ዳገቱ ላይ ቆሜ ዝም ብላ ተነሳች።

ጋሼ ግን አልለቀቁኝም። ቅዳሜ ጤፍ ልግዛ ብለው መርካቶ ወሰዱኝ፣ ግማሽ ኩንታሉን ኋላ ጫንን። ስንመለስ ዳገት ላይ ቆምን፣ ልነሳ ስል ጎማው ትንሽ ጮኸ። ጋሼ ዞር ብለው ጤፉን አዩትና "ላዳ ብትሆን ኖሮ" አሉ።