«ተጠርጣሪ ወንጀለኛ» የሚባል አማርኛ አለ እንዴ?

ሰምና ወርቅ፦ ሰላም ቤቶች፣ ትላንት ዜና ላይ «ተጠርጣሪው ወንጀለኛ በቁጥጥር ስር ዋለ» ሲል ሰምቼ ጆሮዬን ቆረቆረኝ። ወይ ተጠርጥሯል ወይ ወንጀለኛ ነው፣ ሁለቱ ባንዴ እንዴት ይሄዳል? ወይስ እኔ ነኝ ያልገባኝ?

የቀበናው፦ ልክ ነህ፣ አይሄድም። የ1987ቱን ህገ መንግስት ብታየው እራሱ በደረጃ ነው የሚጠራቸው፣ አንቀፅ 19 «የተያዙ ሰዎች» ይላል፣ 20 «የተከሰሱ ሰዎች»፣ «በፍርድ የታሰሩ» የሚለው 21 ላይ ሲደርስ ነው። ደሞ የሚገርመው እኛ «ንፁህ ሆኖ የመገመት መብት» የምንለው ነገር አንቀፅ 20 ላይ «ንፁህ» የሚል ቃል የለበትም፣ «እንደ ጥፋተኛ ያለመቆጠር» ነው የሚለው። ለኔ ይሄኛው ይሻላል፣ ንፁህ ነህ ብሎ ማንም አይምልልህም፣ እስኪፈረድ ግን ጥፋተኛ አይልህም በቃ።

እቴጌ ፊደል፦ እሱ ወረቀት ላይ ነው ወንድሜ፣ ሰፈር ውስጥ «ጠርጥር ከገንፎ ውስጥም አለ ስንጥር» ነው የሚሰራው 😂 ፖሊስ ከወሰደው በኋላ ማን አንቀፅ ይቆጥራል።

ችሎት አዳሪ፦ እኔ ስራዬ ፍርድ ቤት አካባቢ ስለሆነ አንድ ልጨምር፣ ከሁሉ በላይ ሰው የሚሳሳትበት ቃል «ይከላከል» ነው። አቃቤ ህግ ምስክሮቹን አሰምቶ ሲጨርስ ዳኛው ማስረጃውን ያየዋል፣ ካልበቃው በስነ ስርዓት ህጉ ቁጥር 141 ተከሳሹን በነፃ ያሰናብተዋል፣ ከበቃው በ142 «ይከላከል» ይለዋል፣ ማለት ያንተንም ወገን እንስማ ነው፣ ገና አልተፈረደም። ውጪ የቆመው ቤተሰብ ግን «ተከላከል ተባለ» ሲባል ተፈረደበት ብሎ እሪ ይላል፣ ስንቴ አይቻለሁ መሰላችሁ።

ሰምና ወርቅ፦ ዋው ይሄን እኔም እንደ ፍርድ ነበር የምሰማው!

እቴጌ ፊደል፦ ቆይ እኔን የሚያናድደኝን ልንገራችሁ፣ «ግለሰቡ» የሚሉት ነገር። እስከ ትላንት «አቶ እገሌ ገለፁ፣ ተናገሩ» ሲባሉ የነበሩ ሰውዬ በተያዙ ማግስት «ግለሰቡ ተናገረ፣ ግለሰቡ ካደ» ይሆናሉ። አንቱታውን ማን ነጠቃቸው? ዳኛው ገና መዝገቡን አልከፈተም እኮ፣ ግሱ ቀድሞ ፈረደባቸው።

የቀበናው፦ እና ምን ይባል? «የተጠረጠሩት ሰው»?

እቴጌ ፊደል፦ አዎ፣ ምን ችግር አለው?

ሰምና ወርቅ፦ ለርዕስ ይረዝምባቸዋል ሃሃ