ለሊስት የጻፍኩት ኤክስቴንሽን ሜተድ ለምን አይጠራም?

ጠያቂ፦ ሰላም ለሁላችሁ። በሲ ሻርፕ (የፕሮግራም ቋንቋው) «አሳይ» የሚባሉ ሁለት ጄነሪክ ኤክስቴንሽን ሜተዶች አሉኝ፤ ማለትም ለተለያዩ ታይፖች (የዳታ ዓይነቶች) የሚሠሩ፣ በነባር ታይፕ ላይ ከውጭ የሚጨመሩ ሜተዶች። አንዱ ማንኛውንም ቲ (ቲ የየትኛውም ታይፕ ቦታ ያዥ ነው) ይቀበላል፤ ያገኘውን እንዳለ ያትማል። ሌላው አይኢኑመረብል ኦፍ ቲ (አንድ በአንድ ሊታይ የሚችል የቲ ስብስብ) ተቀብሎ ውስጡ ያሉትን አንድ በአንድ ያትማል። የኢንት (የሙሉ ቁጥር) ሊስት ይዤ «ቁጥሮች.አሳይ()» ስል ግን ሁሌም የሚጠራው የመጀመሪያው ነው። ቁጥሮቹን ትቶ የታይፑን ስም ያትምልኛል። ሊስት አይኢኑመረብል አይደለም እንዴ?

ሴሚኮለን፦ ነው። ግን በመጀመሪያው ሜተድ ቲ ራሱ ሊስት ይሆናል፤ ልክክ ይላል። ለሁለተኛው ሊስቱ ወደ ኢንተርፌስ፣ ማለትም ወደ አይኢኑመረብል፣ መለወጥ አለበት። ኮምፓይለሩ (ኮዱን የሚተረጉመው ፕሮግራም) ሳይለወጥ የሚገጥመውን ይመርጣል። እስቲ «ቁጥሮች.አዝኢኑመረብል().አሳይ()» ብለህ ሞክረው። ያኔ ሊስቱ እንደ አይኢኑመረብል ስለሚታይ ሁለቱም እኩል ይገጥማሉ። እኩል ከሆኑ ጠበብ ያለው ያሸንፋል፤ አይኢኑመረብል ኦፍ ቲ ደግሞ ከተራ ቲ ይጠብባል።

ጠያቂ፦ ሠራ! ግን በየቦታው ይህን መጻፍ ያሰለቻል።

ነጭ ስክሪን፦ የመጀመሪያው ላይ «ዌር ቲ፡ ስትራክት» የሚል ገደብ ጨምርበት፤ ቲ እንደ ኢንት ያለ ስትራክት ብቻ ይሁን፣ ክላስ አይግባ ማለት ነው። ሊስት ክላስ ስለሆነ ከውድድሩ ይወጣል። ይህ የሚሠራው ከሲ ሻርፕ 7.3 ጀምሮ ነው። ድሮ ኮምፓይለሩ መጀመሪያ ይመርጥና ገደቡን ኋላ ያይ ነበር፤ ትርፉ ኤረር ነው።

ጠያቂ፦ ሊስቱ ተስተካከለ። አሁን ደግሞ «ሰላም» የሚለውን ስትሪንግ (ጽሑፍ) ስሰጠው ሰ፣ ላ፣ ም እያለ ፊደል ይቆጥርልኛል!

ሴሚኮለን፦ ሃሃ፣ እሱን ረሳነው። ስትሪንግም ክላስ ነው፤ በዚያ ላይ የካራክተር አይኢኑመረብል ነው። ለስትሪንግ ብቻ ጄነሪክ ያልሆነ «አሳይ» ጻፍለት። በቀጥታ ስለሚገጥም እሱ ይመረጣል።

ጠያቂ፦ ለሌሎቹ ክላሶችስ? «ዌር ቲ፡ ክላስ» ያለው አራተኛ ልጨምር?

ባግ አዳኝ፦ አይሆንም ወንድሜ። ገደብ የሜተዱ ፊርማ (ስሙና የሚቀበላቸው ታይፖች) አካል አይደለም። በገደብ ብቻ የሚለያዩ ሁለት ሜተዶች አንድ ክላስ ውስጥ ካስቀመጥክ ኮምፓይለሩ «ይሄማ አለ» ብሎ ይመልስሃል። ቢፈቀድልህ እንኳ ሊስት ክላስ ስለሆነ ወደ መጀመሪያው ችግር ትመለሳለህ። እኔ ብሆን አንድ በአንድ የሚያትመውን ሌላ ስም እሰጠው ነበር። «ዘርዝር» በለው። ነገ ኮዱን የሚያነበው ሰው (ምናልባት አንተው) የቱ እንደሚጠራ ለምን ይገምታል?

ጠያቂ፦ «ዘርዝር» አልኩት። ገደቡንም የስትሪንጉንም ሜተድ አጠፋሁ። ሁሉም ይሠራል።