መሸኛ የሌለው ሰው የምርጫ ካርድ እንዴት ያወጣል?

ሰላም ወገኖች፣ ግራ ገብቶኛል። ከመተከል ተፈናቅዬ አዲስ አበባ ከገባሁ ሁለት ዓመት አልፎኛል። አራት ኪሎ ከአክስቴ ልጅ ጋር በደባልነት እኖራለሁ።

ለመራጭነት ልመዘገብ ስል የነዋሪነት መታወቂያ ተጠየቅኩ። ወረዳ ሄድኩ። መስኮቱ ላይ ያለችው ልጅ «መሸኛ አምጣ» አለችኝ። ከየት ላምጣ? የድሮው ቀበሌያችን ቢሮ ከነማህደሩ ተቃጥሏል። የፋይዳ ብሔራዊ መታወቂያዬን ስሰጣት ገልብጣ አየችውና በጣቷ ወደ እኔ ገፋችው። «ይሄ ነዋሪነትን አያሳይም።» እውነቷን ነው፣ እሷን አልወቅስም።

የምርጫ አዋጁ (1162/2011) ለመራጭነት ዕድሜ 18 መሙላትንና በምርጫ ክልሉ ቢያንስ 6 ወር መኖርን ይጠይቃል። ኖሬያለሁ! ግን በምን ላስረዳ? የቤት ኪራይ ውሉ በአክስቴ ልጅ ስም ነው።

ሕገ መንግሥቱ ደግሞ ለአናሳ ብሔረሰቦች ቢያንስ 20 የፓርላማ መቀመጫ ይላል። ጥሩ ነው። እኔም ሺናሻ ነኝ፤ ካርድ ከሌለኝ ግን መቀመጫው ምን ይሠራልኛል?

በሰው ምስክር የተመዘገበ አለ? ስንት ምስክር ጠየቋችሁ? የእድር ደብዳቤስ ይቀበላሉ? ምዝገባው ሳይዘጋ የምታውቁ ንገሩኝ።