አስፕሪኔ ንጹሕ መሆኑን በየትኛው ዘዴ ልመን?

ሰላም ወገኖች፤ ኬሚስትሪ የምታውቁ እስቲ አንድ በሉኝ። እዚህ ደብረ ማርቆስ ለተማሪዎች ማሳያ እንዲሆን ከሳሊሲሊክ አሲድና ከአሴቲክ አንሃይድራይድ አስፕሪን ሠራሁ። የወጣው ነጭ፣ መርፌ መርፌ የመሰለ፣ ለዓይን እንከን የማይወጣለት ነው። ዘዴዎቹ ግን እርስ በርስ አልስማማ አሉኝ።

ማቅለጫው ላይ ከ128 ጀምሮ እስከ 133 ዲግሪ እየተጎተተ ቀለጠ፤ ንጹሑ ወደ 135 ገደማ ነው። ፌሪክ ክሎራይድ ጠብ ሳደርግበት ፈዘዝ ያለ ሐምራዊ ሆነ፤ ያልተለወጠ ሳሊሲሊክ አሲድ ቀርቶበታል ማለት ነው፣ ምን ያህል እንደሆነ ግን በዓይን አይታወቅም። በሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ታይትሬት ሳደርገው (ልኩ የታወቀ ቤዝ ጠብ እያደረግሁ አሲዱን ስለካ) ደግሞ ንጽህናው 101.4 በመቶ! ከመቶ በላይ ንጹሕ ነገር መቼም ጉድ ነው። የሳሊሲሊክ አሲድ ሞላር ክብደት 138፣ የአስፕሪን 180 ስለሆነ ሳሊሲሊክ አሲዱ ግራም ለግራም ከአስፕሪኑ ይልቅ ብዙ ቤዝ ይጠጣል፤ ታይትሬሽን አሲድን ይቆጥራል እንጂ የትኛው አሲድ እንደሆነ አይለይም። ወይስ እየታይተረ ሳለ አስፕሪኑ ራሱ እየፈረሰብኝ ይሆን?

ባሕር ዳር ያለ ወዳጄ የኢንፍራሬድ ስፔክትረም (ውህዱ የትኛውን የኢንፍራሬድ ብርሃን እንደሚመጥ የሚያሳይ ሥዕል) አነሣልኝ፤ አስፕሪንን ከሳሊሲሊክ አሲድ የሚለየው የኤስተሩ ምልክት 1750 cm⁻¹ አካባቢ ቁልጭ ብሎ ወጥቷል። ማንነቱ ላይ ጥርጣሬ የለኝም፤ ጥቂት በመቶ ባዕድ ነገር ግን እዚያ ተደብቆ ያልፋል።

ኤችፒኤልሲ (ውህዶችን ለያይቶ መጠናቸውን የሚለካ መሣሪያ) ከየት ላምጣ? ልካቸው የታወቀ የሳሊሲሊክ አሲድ መፍትሔዎች አዘጋጅቼ የፌሪክ ክሎራይዱን ቀለም 530 ናኖሜትር ላይ ባወዳድር ለቁጥሩ ይበቃኛል? ወይስ መጀመሪያ በኤታኖልና በውሃ ደግሜ ላጥራው?