ስስ ሶል ያለው የሩጫ ጫማ ባቴን ያዘኝ፤ ልቀጥል ወይስ ልተው?

የካ ሯጯ፦
39 ዓመቴ ነው፤ የሒሳብ ሠራተኛ ስለሆንኩ ቀኑን ተቀምጬ እውላለሁ። ማክሰኞና ቅዳሜ ማለዳ የካ ጫካ ውስጥ ሶምሶማ መሮጥ ከጀመርኩ አራት ዓመት ሆኖኛል። በታላቁ ሩጫም አሥር ኪሎ ሜትሩን ሁለት ጊዜ ጨርሻለሁ። እስከ ባለፈው ወር የሮጥኩት ተረከዙ እንደ ፍራሽ በወፈረ ጫማ ነው። ከዚያ ሜሪላንድ ያለችው እህቴ በሰው ሌላ ላከችልኝ፦ ሶሉ አራት ሚሊ ሜትር፣ ተረከዙና ጣቱ እኩል ከፍታ፣ ከፊት በኩል እንደ ዳክዬ እግር የሰፋ። እናቴ አገላብጣ አየችውና «ለዚህ ነው ዶላር የተከፈለው? ይህማ ኮንጎ ጫማ ነው» አለች።

የመጀመሪያው ቀን እንዴት ደስ አለኝ! የባሕር ዛፉ ሥር፣ ጠጠሩ፣ እርጥቡ አፈር ሁሉ በውስጥ እግሬ ይታወቀኛል። ድሮ በተረከዜ ድም ድም እያልኩ የምረግጠው ሴትዮ፣ ሳላስበው በእግሬ የፊት ክፍል ማረፍ ጀመርኩ። ደስታው አሳስቶኝ የለመድኩትን ስምንት ኪሎ ሜትር በሙሉ ሮጥኩበት። በማግስቱ የመሥሪያ ቤቱን ደረጃ የወረድኩት ብረቱን ይዤ በጎኔ ነው። አሁን ሦስተኛ ሳምንቴ ነው፤ ባቴ ቢሻለውም የግራ ተረከዜ ጅማት ጠዋት ጠዋት እንደ ደረቀ ጠፍር ይሆንብኛል። ባለቤቴ «አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ ሮጦ የለ?» ይለኛል። ይህ የመላመድ ሕመም ነው ወይስ ጉዳት?

የድሮ ሯጭ፦
ልጄ፣ ለባለቤትሽ ይህን ንገሪልኝ። አበበ ጳጉሜ 5 ቀን 1952 ዓ.ም. ሮም ላይ በባዶ እግሩ የገባው በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ነው። ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. ቶኪዮ ላይ ጫማ አድርጎ 2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ ገባ። ታዲያ ጫማው አዘገየው? ሮም ላይም ቢሆን እግሩ ባዶውን መሮጥ የለመደ ነበር፤ ሙከራ አልነበረም።

የአንቺ ጥፋት ስምንቱ ኪሎ ሜትር ነው። ዘመንሽን ሁሉ ከፍ ባለ ተረከዝ የኖረ ጅማት በአንድ ማለዳ ተለጠጠ፤ ጉልበትሽ ይሸከመው የነበረው ጫናም ወደ ባትሽ ወረደ። ጠፍሩ እስኪለሰልስ ጫማውን አስቀምጪው። ከዚያ በአሮጌው ጫማሽ ሮጠሽ ስትጨርሺ ጃንሜዳ ሣሩ ላይ አሥር ደቂቃ ብቻ፣ በሳምንት ሁለት ቀን። እርምጃሽን አሳጥሪው። ዳገት አትሩጪበት፤ ኮብልስቶን ደግሞ ፈጽሞ።

ፊዚዮቴራፒስቱ፦
ጋሼ ያሉት ትክክል ነው። የጠዋቱ መድረቅ ጅማቱ ከአቅሙ በላይ እንደተሸከመ ይናገራል። ደረጃ ጫፍ ላይ በጣቶችዎ ይቁሙና ተረከዝዎን ቀስ ብለው ዝቅ ያድርጉ፤ ሲብስብዎት ይቀንሱ። አንድ ነገር ግን አደራ፦ ከእግርዎ ጣቶች በላይ ባለው አጥንት ላይ በጣት የሚጠቆም ሕመም ከመጣ ያን ቀን ሩጫው ይቁም። አጥንቱ ተሰንጥቆ ሊሆን ስለሚችል በሐኪም ይታይ።

«ጨርሶ ባዶ እግር» የሚሉም አሉ። በአገራችን ቀይ አፈር ላይ ለዓመታት በባዶ እግራቸው የሚያርሱ ገበሬዎችን ዝሆኔ ሲይዛቸው ያየ ሰው ይህን እንደ ፋሽን አያወራም። ለግማሽ ሰዓት ሶምሶማ ዝሆኔ አይይዝዎትም፤ ሚስማርና የጠርሙስ ስብርባሪ ግን ግማሽ ሰዓት አይጠብቁም።

ተስፋ የቆረጠ፦
እኔ ስድስት ወር ታግዬ ለጎረቤቴ ልጅ ሰጠሁት። ወፍራሙን ጫማ መውደድ ኃጢአት አይደለም።

የካ ሯጯ፦
ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ሁለት ሳምንት አሳረፍኩት፤ ደረጃውንም አልተውኩም። ትናንት ጃንሜዳ አሥር ደቂቃ ሞከርኩ፤ ዛሬ ጠዋት ጅማቱ ዝም ብሏል። ባለቤቴ ሰዓቶቹን ሲሰማ ወሬ ቀየረ። ችግሩ ጫማውን ማግኘት ሆኗል፦ ባሳረፍኩት ጊዜ እናቴ ሾላ ገበያ አድርጋው ሄዳ «አውራ ጣቴን ያልጨመቀኝ የመጀመሪያው ጫማ» ብላ ይዛው ቀርታለች።