63 ንብርብር ቆጥሬ ተመለሰልኝ፤ አለት የሚመደበው በምንድን ነው?

ጀማሪ ሎገር፦

ሰላም ለሁላችሁ። ሥራ ከጀመርኩ አራት ወር ሆነኝ። የመጀመሪያዬን ሙሉ ኮር፣ ማለትም ከጉድጓድ ተቆፍሮ የወጣ የአለት ዘንግ፣ ብቻዬን ሎግ እንዳደርግ፣ ማለትም ንብርብሩን ተራ በተራ እንድመዘግብ ተሰጠኝ፤ 96 ሜትር ነው። ስድስት ቀን ፈጀብኝ። ሁሉንም በሌንስ አየሁ፣ አሲድ ጠብ አደረግሁ፣ ቀለሙን ከሰንጠረዡ ጋር አስተያየሁ። 63 ንብርብር ቆጠርኩ። ለእያንዳንዱ ቁጥር፣ ውፍረትና መግለጫ ሰጠሁ። እውነቴን ነው፣ ደስ ብሎኝ ነበር ያስረከብኩት።

አለቃዬ መለሰልኝ። ከላይ በቀይ እስክሪብቶ የጻፈው አንድ መስመር ብቻ ነው፦ «ዝርዝሩ ጥሩ ነው፤ ምደባው የታለ? ወደ ክፍሎች ሰብስበው።» ከዚያ መስክ ወጣ፤ እስከ ሰኞ አይመለስም።

ከታች ወደ ላይ ያለው ይህ ነው። ከ96 እስከ 71 ሜትር አሸዋ ድንጋይ ነው። ሥሩ ላይ ጠጠር አለበት፤ ወደ ላይ እየደቀቀ ይሄዳል። ከ71 እስከ 38 ሼል (በስስ በስሱ የሚሰነጠቅ፣ ከጭቃ የተሠራ አለት) እና ስስ አሸዋ ድንጋይ ይፈራረቃሉ። ከ63ቱ 41ዱ እዚህ ውስጥ ናቸው። መሐል ላይ፣ 52 ሜትር ገደማ፣ 15 ሴንቲሜትር የምትሆን ጠጠራማ ንብርብር አለች። ከ38 እስከ 19 ግራጫ የኖራ ድንጋይ፤ ከ19 እስከ 12 ቀይ የኖራ ድንጋይ። ከዚያ በላይ እስከ አፉ ድረስ ቀይ የጭቃ ድንጋይ ነው።

የምሰበስበው በምን ነው? በቀለም? በእህሉ (በቅንጣቱ) መጠን? በዕድሜ? ፎርሜሽን፣ ሜምበር፣ ግሩፕ የሚባሉትንስ የሚለያቸው ውፍረት ነው? ደግሞ ከዚህ 6 ኪሎ ሜትር ወደ ምሥራቅ ሌላ ጉድጓድ አለ። የሱም ሥር አሸዋ ድንጋይ ነው። «አንድ ጊዜ የተነጠፈ አሸዋ ነው» ብዬ ከኔው ጋር ባገናኘው ስህተት ነው?


የኮር ሳጥን፦

ወንድሜ፣ 63ቱን እንዳትጥላቸው። ምደባው የሚሠራው ከነሱ ነው።

ኮር አጠገብ መዋል ከጀመርኩ 19 ዓመቴ ነው። የማደርገውን ልንገርህ። ሳጥኖቹን ሁሉ በተርታ ወለል ላይ እዘረጋቸዋለሁ። ሌንሴን ኪሴ እከታለሁ። አሥር እርምጃ ርቄ እቆማለሁ። ከዚያ ርቀት ምን ከምን ይለያል? ብዙ ጊዜ የሚታየኝ አራት አምስት ነገር ብቻ ነው። ያንተንም መግለጫ ሳነበው እንደዚያው ሆነብኝ፤ አሸዋው፣ የሚፈራረቀው፣ የኖራ ድንጋዩ፣ ቀዩ ጭቃ። 41ዱ ስስ ንብርብሮች አንድ ባሕርይ አላቸው፤ መፈራረቃቸው ራሱ መታወቂያቸው ነው። ስለዚህ አንድ ላይ ይሄዳሉ።

ሲመደብ የሚታየው አለቱ ራሱ ነው። ከምን ተሠራ፣ እህሉ ምን ያህል ነው፣ እንዴት ተነባበረ፣ ከበላዩና ከበታቹ በምን ይለያል። ሊቶስትራቲግራፊ የሚባለው ይህ ነው። ዕድሜ እዚህ ውስጥ አይገባም። ይህን አጥብቄ የምነግርህ እኔም ተምታቶብኝ ስለነበረ ነው። ዕድሜው የሚያዝበት ሌላ መዝገብ አለው።

መሠረቱ ፎርሜሽን ነው። ከጎረቤቱ ተለይቶ የሚታወቅ፣ ካርታ ላይ ሊሰመር የሚችል የአለት አካል ማለት ነው። ውፍረት አይወስነውም፤ ከአንድ ሜትር የሚያንስ ፎርሜሽን አለ፣ ብዙ ሺህ ሜትር የሚሆንም አለ። በውስጡ ለየት ያለ ክፍል ካለ ሜምበር ተብሎ ይወጣል። ከሌለ ሳይከፋፈል ይቀመጣል። ቤድ ትንሿ ናት። ስም የሚወጣላት ለምልክት የምትጠቅም ከሆነች ብቻ ነው፤ ለምሳሌ የድንጋይ ከሰል ወይም የእሳተ ገሞራ አመድ። ሁለትና ከዚያ በላይ ተቀራራቢ ፎርሜሽኖች ሲሰበሰቡ ደግሞ ግሩፕ ይሆናሉ።

ደረጃው የሰው ውሳኔ ስለሆነ ሊለወጥ ይችላል። አሜሪካ ባለው ትልቅ ገደል፣ ግራንድ ካንየን ውስጥ፣ ሱፓይ የሚባለው ቀይ ድርድር ለረጅም ጊዜ ፎርሜሽን ነበር። በ1975 ወደ ግሩፕ ከፍ አለ፤ ዛሬ አራት ፎርሜሽኖች ይዟል። አለቱ ያው ነው። የተለወጠው ሰው በውስጡ ያየው ዝርዝር ነው።

ከዚያው ገደል ሳንወጣ ያንተን የ19 ሜትር ወሰን እንየው። ከሱፓይ ሥር ሬድዎል የሚባል የኖራ ድንጋይ አለ። ስሙ «ቀይ ግድግዳ» ማለት ነው፤ ከሩቅም ቀይ ነው። ሲሰበር ግን ውስጡ ግራጫ ነው። ቅላቱ ከበላዩ ካሉት ቀይ አለቶች በውሃ ታጥቦ የወረደ ብረት ነው። ያንተም የኖራ ድንጋይ የቀላው ልክ ከቀዩ ጭቃ ሥር መሆኑን ልብ በል። ከ12 እስከ 19 ካለው አንድ ቁራጭ በመዶሻ ስበር። ውስጡ ግራጫ ከሆነ፣ ቅላቱም ስንጥቆቹን ተከትሎ ከሄደ፣ 19 ላይ ወሰን የለህም። ከ38 እስከ 12 አንድ ክፍል ነው።

ይህ ለኔ የመጽሐፍ ወሬ አይደለም። ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት በቀለም ብቻ ወሰን አስምሬ ሦስት ጉድጓዶች አገናኘሁ። አራተኛው ሲቆፈር ቀይ ቀለሙ ያንኑ የኖራ ድንጋይ በሰያፍ አቋርጦ ሲሄድ አገኘነው። ሥዕሉን በሙሉ እንደገና ሠራሁት። ከዚያ ወዲህ ቀለም የምጽፈው ከተሰበረ ፊት ላይ ብቻ ነው።

71 ሜትር ላይ ደግሞ ሌላ ነገር ይገጥምሃል። አሸዋው ቀስ እያለ ወደ ሼል የሚለወጥ ከሆነ ቁርጥ ያለ መስመር አታገኝም። አንድ መስፈርት ምረጥ፤ ለምሳሌ «ሼሉ ከግማሽ በላይ የሚሆንበት ቦታ» በል። ዋናው ነገር መስፈርቱን ሎጉ ላይ መጻፍህ ነው። ሌላ ሰው ነገ ሌላ ጉድጓድ ላይ ያንኑ መጠቀም አለበት።

አሁን ወደ ምሥራቁ ጉድጓድ። አሸዋውን ከአሸዋው ጋር እንደ አንድ ክፍል ማገናኘት ትችል ይሆናል። «አንድ ጊዜ የተነጠፈ» ማለት ግን አትችልም። ግራንድ ካንየን ሥር ከ500 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት የተነጠፉ ሦስት ክፍሎች አሉ፤ ከታች ታፒትስ አሸዋ ድንጋይ፣ ከሱ በላይ ብራይት ኤንጅል ሼል፣ ከዚያ ሙአቭ የኖራ ድንጋይ። ባሕሩ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ወደ የብሱ እየገፋ ነበር የመጣው። ዳርቻው ላይ አሸዋ ይቀመጣል፤ ራቅ ብሎ ጭቃ፤ ጥልቁ ጋ ኖራ። ዳርቻው ሲሸሽ አሸዋውም አብሮት ሸሸ። ስለዚህ ምዕራብ ያለው ሼል ምሥራቅ ካለው ሼል ይበልጣል፤ በዕድሜ ማለቴ ነው። አንድ ፎርሜሽን ነው፣ ግን በሁሉም ቦታ አንድ ዕድሜ የለውም። ይህ ነገር መጀመሪያ ሲገባኝ ምሽቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም። አለቱን እንደ ፎቅ ነበር የማስበው፤ አንዱ ወለል ሲያልቅ ሌላው የሚጀመር።


ግራፕቶላይት፦

እህታችን የኮር ሳጥን በደንብ አስረድታለች። ስለ ሌላው መዝገብ ትንሽ ልጨምር፤ የኔ ሥራ እሱ ስለሆነ።

ሁለት የሚመሳሰሉ ሼሎችን አለታቸው ብቻ ላይለያቸው ይችላል። እንግሊዛዊው ዊልያም ስሚዝ ለቦይ ቁፋሮ መሬት ሲቀይስ ያስተዋለው ይህንን ነው። በመልክ የሚመሳሰሉ ንብርብሮችን በያዙት ቅሪተ አካል ለያቸው። በ1815 ባወጣው የእንግሊዝና የዌልስ ካርታ ላይ አገር ሙሉ በዚህ መንገድ አሰመረ። ዛሬ ባዮዞን የምንለው ከዚያ የመጣ ነው፤ በአለቱ ዓይነት ሳይሆን በውስጡ ባለው ፍጡር የሚወሰን ክፍል።

ሦስተኛው መዝገብ የጊዜው ነው። ጁራሲክ፣ ዴቮኒያን የምንላቸው እዚህ ናቸው። ወሰናቸው የሚተከለው አንድ በተመረጠ ቦታ፣ አንድ በተመረጠ ንብርብር ላይ ነው። የመጀመሪያው በ1972 የጸደቀው በአሁኗ ቼክ፣ ክሎንክ በሚባል ቦታ ነው። የዴቮኒያን መነሻ እዚያ ነው፤ ምልክቱም ባሕር ላይ ይንሳፈፍ የነበረ የአንድ ግራፕቶላይት (ዛሬ የጠፋ ትንሽ የባሕር እንስሳ) ዝርያ ነው። የብዕር ስሜን ያገኘሁት ከነሱ ነው፤ በጣም እወዳቸዋለሁ።

ስለዚህ ከምሥራቁ ጉድጓድ ጋር ጊዜ ማስተያየት ከፈለግህ ሼሉ ውስጥ ቅሪተ አካል ፈልግ። የአመድ ንብርብር ካገኘህማ እሰየው። አመድ በጥቂት ቀን ሰፊ ቦታ ላይ ይወርዳል፤ ዕድሜውም በላቦራቶሪ ሊለካ ይችላል።


ሲካር፦

አጭር ጥያቄ አለኝ። ያቺ 52 ሜትር ላይ ያለችው 15 ሴንቲሜትር ምንድን ናት? ሁላችሁም አልፋችኋታል።

ጠጠሮቹ የምን አለት ስባሪ ናቸው? ከሥራቸው ያለው ሼል ስባሪ ከሆኑ፣ ያ ሼል ጠጠሩ ሲመጣ ደርቆና ጠንክሮ ነበር ማለት ሊሆን ይችላል። ሌላው ደግሞ፣ ጉድጓዱ ቀጥ ብሎ የወረደ ከሆነ የሼሉን ዝንባሌ ከ52 በላይና በታች ለካ። በአሸዋው አትለካ፤ አሸዋ ገና ሲነጠፍ በሰያፍ ሊነጠፍ ስለሚችል ያሳስትሃል። ጭቃ ግን ጠፍጣፋ ሆኖ ነው የሚቀመጠው።

ስሜን የወሰድኩበትን ቦታ ካላወቅህ፣ ስኮትላንድ ባሕር ዳር ነው። የአለት ተመራማሪው ጀምስ ሃተን በ1788 በጀልባ ሄዶ ያየው። ከታች ቀጥ ብሎ የቆመ ጥቁር ግራጫ አለት፣ ከላዩ ቀስ ብሎ ያዘነበለ ቀይ አሸዋ ድንጋይ። የታችኛው ተነጠፈ፣ ጠነከረ፣ ታጥፎ ቆመ፣ ተሸረሸረ፤ የላዩ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። በሁለቱ መካከል በአሥር ሚሊዮኖች የሚቆጠር ዓመት ጠፍቷል። ጠፍቶ የቀረው ምልክት አንድ መስመር ብቻ ነው።


ጀማሪ ሎገር፦

አሁን ከሳጥኖቹ ነው የመጣሁት፤ እጄ ገና አቧራ ነው።

ቀዩን የኖራ ድንጋይ ሦስት ቦታ ሰበርኩት። ውስጡ ግራጫ ነው። ቅላቱ ስንጥቅ ባለበት ብቻ ነው የገባው፤ ከስንጥቁ ዳር ብዙ አይርቅም። አሲዱም ከታችኛው እኩል ይፈላል። 19ን ሰርዣለሁ።

52 ላይ ግን ደነገጥኩ። ጉድጓዱ ቀጥ ያለ ነው። ከ52 በላይ ሼሉ ጠፍጣፋ ነው። ከ52 በታች በስምንት ቦታ ለካሁት፤ ሁሉም ወደ 15 ዲግሪ ያዘነብላል። ጠጠሮቹ ማዕዘናቸው ሹል ነው፤ አብዛኞቹ የታችኛው ሼል ስባሪ ናቸው። ይህን በ34ኛው ረድፍ «ጠጠራማ፣ ቀጭን» ብዬ ነው የጻፍኩት። እንግዲህ 41ዱን አንድ ላይ መሰብሰብ ልተው?


የኮር ሳጥን፦

አዎ፣ ተወው። ሲካር እግዚአብሔር ይስጥህ። እኔ መልኩን ብቻ አይቼ አንድ ላይ አድርጌው ነበር፤ ተሳስቻለሁ። አለቱ ቢመሳሰልም በመካከሉ እንዲህ ያለ ትልቅ ክፍተት ካለ በአንድ ክፍል ውስጥ አይጨፈለቅም። የላዩ ሲነጠፍ የታችኛው አርጅቶ፣ አዘንብሎ፣ ተሸርሽሮ ነበር። ጠጠሯም ከላይኛው ጋር ትሄዳለች፤ የሱ መጀመሪያ እሷ ናት።

ስለዚህ አምስት ክፍል አለህ። ከ96 እስከ 71 አሸዋ ድንጋዩ፤ ከ71 እስከ 52 ያዘነበለው ሼልና አሸዋ፤ ከ52 እስከ 38 ጠፍጣፋው ሼልና አሸዋ ከነጠጠሩ፤ ከ38 እስከ 12 የኖራ ድንጋዩ፤ ከዚያ በላይ የጭቃ ድንጋዩ። 52 ላይ መስመሩን ሞገድ አድርገህ ሳለው፤ ክፍተት የሚታወቀው በዚያ ምልክት ነው። የምሥራቁን ጉድጓድ ስታይም መጀመሪያ የምትፈልገው ይህን ሞገድ ይሁን፤ አሸዋውን በኋላ።

ፎርሜሽን ብለህ ግን አትሰይማቸው። በአንድ ጉድጓድ ስም አይወጣም። ስም ለማውጣት ሌሎች ሄደው የሚያዩት መለኪያ ቦታ ያስፈልጋል፤ ከአካባቢው የተወሰደ የቦታ ስም፣ የተጻፈ የወሰን መግለጫ፣ ታትሞ መውጣትም አለበት። አካባቢው ቀድሞ ካርታ ተነስቶለት ከሆነ ደግሞ ክፍሎችህ ስም ሊኖራቸው ይችላል፤ መጀመሪያ የወጣው ስም ይከበራል። እስከዚያው ክፍል ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ፣ ሠ በላቸው። ሀ ከታች ይጀምር፤ ቀድሞ የተነጠፈው እሱ ነውና።

አንድ ነገር ደግሞ ዛሬውኑ አድርግልኝ። የ52 ሜትሩን ሳጥን ውሃ ረጭተህ ፎቶ አንሳው፣ ሜትር አጠገቡ አስቀምጠህ። ከዚያ «እንዳይቆረጥ» ብለህ ጻፍበት። ላቦራቶሪ ናሙና ሲጠይቅ መጀመሪያ የሚወሰደው እንዲህ ያለ ለየት ያለ ቁራጭ ነው፤ ሰኞ አለቃህ ሲመጣ ከነቦታው ሊያየው ይገባል።